ለጀልባዋ የሚበቃ ሰፈር

ብሪዝበን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ቤት የሚፈልግ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ነው፤ ስልኩ ከእጁ አይለይም፤ ፊቱ ላይ ደግሞ «እኔ ጥሩ ተከራይ ነኝ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር አልመታም፣ ድመትም የለኝም» የሚል ፈገግታ ተለጥፏል። በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ ሰላም ይባባላል፤ በሆዱ ግን «ምነው ይኼን ሁሉ ሰው ዛሬ እንቅልፍ በጣለልኝ» ይላል። ከዚያ ደላላው መጥቶ በሩን ለሩብ ሰዓት ይከፍታል። በዚያች ሩብ ሰዓት ኩሽናውን፣ መኝታ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን ዞር ዞር ብለህ አይተህ፣ እዚያ ለመኖር ትወስናለህ። ጫማ ሲገዛ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይታሰባል!

ጃኔል ግን በሩ እስኪከፈት አትጠብቅም። ገና እንደደረሰች ከቦርሳዋ ሜትር ታወጣና ወደ ቤቱ ጎን ትሄዳለች። በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ያለውን ክፍተት ትለካለች። ሁለት ሜትር ከሆነ በቃ፣ ውስጡ ቤተ መንግሥት ቢሆን አይጠቅማትም፤ ሜትሯን ጠቅልላ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ሁለት ሜትር ተኩል ካገኘች ግን ልቧ ይመታል። ደላሎቹ ሁሉ ለይተዋታል። «የሜትሯ ሴትዮ መጣች» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

ሁለት ሜትር ተኩል የባሏ የዋረን ጀልባ ከነተጎታቿ የምታልፍበት ስፋት ነው። ጀልባዋ ካላለፈች ዋረን አይመጣም። ዋረን ካልመጣ ደግሞ ሰፈር መምረጡ ለጃኔል ምን ሊረባት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃኔልና ዋረን የቦወን ሰዎች ናቸው። ቦወን በስተሰሜን ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የሚደረስባት የማንጎና የዓሣ ከተማ ናት። ጃኔል እዚያ በአንድ የመንገደኞች ማረፊያ ኩሽና ውስጥ የሰው እንቁላል ስትጠብስ ኖራለች። አምሳዎቹን ዓመታት ከተሻገረች በኋላ፣ ማንም ዞር ብሎ ያያታል ብላ ሳታስብ፣ ብሪዝበን ያለ አንድ ትልቅ የአረጋውያን መኖሪያ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሁኚልን አላት። ደብዳቤውን ያነበበች ዕለት እንደ ልጅ ነው የዘለለችው። ዋረንም ቢራውን አስቀምጦ አቀፋት።

«ሂጂ እንጂ!» አላት። «ዕድሜ ልክሽን ለማን ነው የምትጠብሺው? አንቺ ቅደሚና ሰፈር ምረጪ። ጀልባዋ የምትቆምበት ብቻ ይሁን። ባገኘሽ ማግስት መኪናዬን አስነስቼ ከች ነው የምለው።»

እሷም ይህችን ቃል ይዛ በየካቲት ሙቀት ወረደች፤ ይኸው ነሐሴ ገብቶ ያ ደረቅ ንፋስ መንፈስ ጀምሯል። እሷ ግን ዛሬም አኔርሊ በሚባል ሰፈር ከሰው ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው ያለችው። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ማንቆርቆሪያና አንድ ወንበር አለ። አንድ ወንበር! ሰው ቢመጣ የት ይቀመጣል ብሎ ያሰበ የለም፤ ሰውም አልመጣ። በሥራ ቀን ለመቶ አረጋውያን ምሳ ታበስላለች፤ «ጨው ቀንሱ፣ ለኧርኒ ሥጋውን ፍጩለት፣ ወይዘሮ ፒልቢም ዛሬም የወተት ጣፋጩን ካስታርድ ትላለች» ስትል ትውላለች። ማታ ግን ዳቦ ጠብሳ፣ ቅቤ ቀብታ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትበላለች። ዓርብ ማታ ከሥራ ስትወጣ አፏን ከዘጋች እስከ ሰኞ ድምፅዋን የምትሰማው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያውም «ይቅርታ፣ ጫማዬን የት ላውልቅ?» ስትል። እሁድ እሁድማ ሆዷን ባር ባር ይላታል። አንዳንዴ የማትፈልገውን ወተት ለመግዛት ሱቅ ትሄዳለች፤ ሻጯ «ከተማውን ለመድሽው?» ካለቻት ያን ቀን ደግ ቀን ነው።

ቅዳሜ ያየችውን ቤት በስልኳ እየቀረጸች ለዋረን ትልካለች። ማታ ይደውላል። ዋረንም አቃቂር ያወጣል፤ አወጣጡ ደግሞ!

ሳንድጌትን ላከችለት። ባሕሩ አጠገብ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል።

«አንቺ፣ ይኼ የሽማግሌ ሰፈር አይደለም እንዴ? ገና ሳልሞት ወረፋ ልያዝ?»

ቸርምሳይድን ላከችለት።

«የገበያ አዳራሽ ጥላ ሥር ነው እኮ! ጠዋት ተነስቼ ምን ልይ? መኪና ማቆሚያ?»

ኦክስሊ ላይ ክፍተቱ ሁለት ሜትር ከሰባ ሆነላትና በደስታ ልታብድ ደረሰች። ከፊት ለፊት ሣሩን ውሃ ሲያጠጣ የነበረ አንድ ሽማግሌ ግን አያትና በምልክት ጠራት።

«የኔ እመቤት፣ ዋና ትችያለሽ?»

«ምነው?»

«ወንዙ የሞላ ጊዜ ውሃው እዚህ ነበር» አለና እጁን ከራሱ በላይ ሰቀለ። «እኔ ጣራ ላይ ሆኜ ነው የዚህ ቤት ሰዎች ፍሪጅ ሲያልፍ ያየሁት። ደላላው አልነገረሽማ! እንዴት ብሎ!»

ያን ማታ ለዋረን ይህንኑ ነገረችው። ዋረን ምን ቢል ጥሩ ነው? ሳቀ።

«አላልኩሽም? ያ አገር ረግረግ ነው! ረግረግ ላይ ነው ከተማ የሠሩት!»

በድምፁ ውስጥ አንድ ደስታ ነበር፤ ውርርድ የበላ ሰው ዓይነት። ጃኔል ሰማችው፤ ትንሽ ቅር አላት። ግን «አይ፣ ከጎርፍ ስለዳንኩለት ነው ደስ ያለው» ብላ አለፈችው። አንዳንድ ነገር ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ካልሆነ ማደሪያ ያጣል።

ደግሞ ሰፈሩን የምታየው በራሷ ዓይን አልነበረም። ሥጋ ቤቱን ስታይ «ዋረን የሚወደውን ቋሊማ ይሠራ ይሆን?» ነው የምትለው። መጠጥ ቤቱን ስታይ «እዚህ ውስጥ ሰው ከሰው ይጫወታል ወይስ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው?» ትላለች። አንድ ቀንማ ከማታውቀው ሰው አጥር ውጭ ቆማ የጎረቤቶቹን ወንዶች ፊት ስታጠና፣ አንዱ «የጠፋብሽ ሰው አለ?» ብሎ አሳፍሯታል።

በነሐሴ ሁለተኛው ቅዳሜ ዊነም ሄደች። ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ በምሰሶ ላይ የቆመ የጣውላ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ከደረጃው ላይ ባሕረ ሰላጤው የሚታይ። ደላላዋ ታሊያ የምትባል ረጅም ጥፍር ያላት ወጣት ናት። ጃኔልን ገና ስታያት እጇን አነሳች።

«ዛሬ ሜትርሽን ረስተሽ ከመጣሽ እጣላሻለሁ!»

ጃኔል ወደ ጎን ሄዳ ለካች። ሦስት ሜትር። አላመነችም፤ ሜትሩን ስባ እንደገና ለካች። ሦስት ሜትር! ከኋላ ደግሞ መብራት የገባለት የዕቃ ቤት አለ። ጀልባ ማውረጃው በመኪና አምስት ደቂቃ ነው። ማንጎ እንኳ በቅሏል! ጃኔል አጥሩን ደግፋ ብቻዋን ሳቀች።

«ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ የሚለካለት?» አለቻት ታሊያ።

«ለባሌ ጀልባ ነው።»

«እሱስ የት አለ? አንድም ቀን አላየሁትም።»

«ይመጣል። ሰፈር እስካገኝ ነው።»

«ጎሽ! እንግዲህ አገኘሽለት» አለች ታሊያ። ጃኔል ወዲያው ማመልከቻውን ሞላች፤ ነዋሪ ሁለት ሰው ብላ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታሊያ ወጥ ቤት ድረስ ደወለችላት። ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መሃል ቤቱ ለእነሱ ተፈቅዷል፤ ነገ ጠዋት ቁርጡን ብቻ ትንገራት። ጃኔል ስልኩን ዘግታ «ባሌ ሊመጣ ነው!» ብላ ጮኸች። ድስት አጣቢው ክዳን ከክዳን እያጋጨ እልል አስባለላት። ለዋረን ደወለች፤ አላነሳም። ባሕር ላይ ነው ማለት ነው። ምንም አይደል፣ ማታ ይነገረዋል። ወደ ክፍሏ ስትመለስ መንገድ ላይ ወንበር የሚሸጥበት ሱቅ አይታ፣ «ሁለተኛ ወንበር ምን ያደርግልኛል፣ ልወጣ አይደል» ብላ በደስታ አለፈችው።

ገና ቁልፉን በሩ ላይ ሳታዞር ስልኩ ጮኸ። ዋረን መስሏት ተስገብግባ አነሳችው። ቤቭ ናት። ቤቭ የቦወን ጎረቤቷ፣ የዓሣ አጥማጆች ክለቡ የዘመናት ጸሐፊ ናት፤ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ ስታወራ ለመንደሩ ሁሉ ነው የምታወራው።

«የኔ ቆንጆ! ያቺ ከተማ እስካሁን አልበላችሽም?»

«አለሁ ቤቭ። ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ተይው፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስሚማ፣ የዚያን የማንጎ ማባያሽን አሠራር ፈልጌ ነው። የክለቡ የቤተሰብ ቀን ደርሷል። እንግዲህ የሊቀመንበሩ ሚስት ሆነሽ መደበቅ የለም!»

«የምኑ ሊቀመንበር?»

«የክለቡ ነዋ! እሁድ እኮ ዓመታዊ ስብሰባው ነበር። መቼም ታውቂያቸዋለሽ፣ ሊቀመንበርነትን እንደ ኩፍኝ ነው የሚሸሹት። ያለፉት ሁሉ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ነው ሹመቱ የጠበቃቸው። ዘንድሮም ሁሉም ሽንቱን ቋጥሮ ቁጭ ብሏል፣ አንድ ሰው ንቅንቅ የለም! ያንቺ ባል ግን ምን አደረገ መሰለሽ? እጁን አወጣ! ማንም ሳይጠይቀው፣ በገዛ ፈቃዱ! ለሁለት ዓመት! ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ነበር።»

ጃኔል ክው አለች። አገሩን ሊለቅ ያሰበ ሰው የክለብ ሊቀመንበር አይሆንም። ቦወን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ክለቡን ለሁለት ዓመት ተረክቦ ጥሎ የሄደ ሰው ስሙ በየመጠጥ ቤቱ ይነሳል፤ ዋረን ራሱ አንዱን እንደዚያ ያደረገ ሰውዬ ስንት ዓመት ሰላም ሳይለው ኖሯል። ሽንት ቤት ሄዶ ሳለ ቢመርጡት፣ ገፍተው ቢሾሙት፣ ይሁን። እጁን ግን ማንም አላነሳለትም።

«አለሽ? አልነገረሽም እንዴ?» ጮኸች ቤቭ።

«ነግሮኛል፣ ነግሮኛል። ሥራ ውዬ ጭንቅላቴ ዞሮብኝ ነው» አለች ጃኔል። ለምን እንደዋሸች ለራሷም አልገባትም። ባሏ ያልነገራትን ነገር ከጎረቤት የምትሰማ ሴት መሆን አሳፈራት መሰለኝ።

ከዚያም ቆማ አሠራሩን ነገረቻት። ማንጎው ያልበሰለ ይሁን፣ ኮምጣጤው ቀድሞ ይፍላ፣ ዝንጅብሉ መጨረሻ ላይ። ቤቭ እያንዳንዱን ጮክ ብላ እየደገመች ጻፈች።

«በይ የኔ ቆንጆ፣ ለገና ስትመለሺ አንቺው ትሠሪልናለሽ። ዋረን ኮንትራቷ ሲያልቅ ትመጣለች ብሎናል።»

ጃኔል ምንም ኮንትራት የላትም። ሥራዋ ቋሚ ነው፤ ዋረንም ያውቃል።

«እናያለን» አለችና ስልኩን ዘጋች። በሩን ከፍታ ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መብራት ለማብራት እንኳ አልተነሳችም።

ዋረን ሲደውል ጨልሞ ነበር። ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የራግቢ ወሬ ነው።

«ደውለሽ ነበር ኔል?» አላት፣ ስሟን እንደ ወትሮው አቆላምጦ። «ባሕር ላይ ሆኜ ነው።»

ስለ ክለቡ ልትጠይቀው አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። አንድ ዕድል ልትሰጠው ፈለገች። ቤቱን ሰምቶ «በቃ እመጣለሁ» ካለ፣ ሊቀመንበርነቱን ነገ ይተወዋል፣ እሷም እንዳልሰማች ትሆናለች። ይህን ያህል ነበር የምትፈልገው፤ አንዲት ቃል።

«ቤት ተፈቀደልን» አለችው። «ዊነም። ክፍተቱ ሦስት ሜትር ነው።»

«ሦስት?»

«ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«እ... የዕቃ ቤቱ መብራት አለው?»

«አለው።»

«ጎርፍስ?»

«ኮረብታ ላይ ነው። የኖኅ ጊዜው ጎርፍ ቢመጣ እንኳ አይደርስበትም።»

«ጀልባ ማውረጃው ግን...»

«አምስት ደቂቃ።»

 ስታዳምጠው ሌላ እንከን ሲፈልግ ይሰማታል፤ ኪሱን እንደሚዳብስ ሰው።

«የዚያ ባሕር ዳርቻው ጭቃ ነው ይባላል» አለ።

«ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ነው፣ ሲመለስ ባሕር ነው። ቦወንም እንደዚያው ነው ዋረን።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ፀሐይዋስ... በየት በኩል ነው የምትገባው?»

ጃኔል ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ሰው አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ፀሐይ በየት በኩል ትግባ በየት ትውጣ ጠይቆ አያውቅም።

«ዋረን።»

«እ?»

«ለሊቀመንበርነቱ እንኳን ደስ ያለህ።»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

«ቤቭ ናት?»

«የማንጎ ማባያ አሠራር ፈልጋ ደውላ።»

«ያቺ ሴትዮ አፏን...»

«ቤቭን ተዋት! እጅህን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

«ኔል...» አለ። ድምፁ ያረጀ መሰላት። «ትደክሚያለሽ ብዬ ነበር። አንድ ሁለት ወር ትሞክሪና፣ ሰፈሩም አልሆን ሲልሽ ትመለሻለሽ ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

«በየቅዳሜው ሜትር ይዤ ስዞር እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

«አልመጣም ማለት አቃተህ?»

«ብልሽ ኖሮ ሥራውን ትተይው ነበር። ከዚያ ቀሪ ዘመንሽን ከእኔ ጋር ቁጭ ብለሽ በሆድሽ ስትረግሚኝ ልትኖሪ? ያንንም ፈራሁት።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የብሪዝበን ይሁን አልክ።»

«አዎ» አለ ዋረን። ለመካድ አልሞከረም፤ ይህ እንኳ ደግነቱ ነው። «ነይ በቃ ኔል። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እራቴን በቁሜ ነው የምበላው።»

 እኔም በቁሜ ነው የምበላው ልትለው ፈለገች። ተነስታ ልብሷን በሻንጣ ከትታ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ብትነዳ፣ ነገ ይህን ጊዜ የራሷ ኩሽና ውስጥ ናት። እሱ ደጁ ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል፤ በዚያ አትጠራጠርም። ግን ደግሞ ኧርኒ አለ፤ የተፈጨ ሥጋውን ጨርሶ ሳህኑን ከፍ አድርጎ የሚያሳያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች «ኃላፊዋን ጠይቁ» ሲሉ እሷን ማለታቸው አለ።

«ሥራውን እወደዋለሁ ዋረን።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ደግሞ ቦወንን ትወዳለህ።»

«ከዚህ ብወጣ ምን እንደምሆን እንጃ» አለ።

ሁለቱም የሚወዱትን ተናገሩ፤ አንዳቸውም ግን «አንተን» ወይም «አንቺን» አላሉም። ይህን ሁለቱም ያስተዋሉት ይመስለኛል። ዋረን አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማችው። በመጨረሻ «ደህና እደር በል» አለችው፤ እሱም «ደህና እደሪ» አላት። እንደማንኛውም ማታ።

በማግሥቱ ታሊያ ስትደውል ጃኔል የወጥ ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ የድንች ከረጢት ትቆጥር ነበር። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

«እሺ፣ ምን ወሰናችሁ?» አለች ታሊያ። «መቼ ነው የምትገቡት?»

«ቤቱን አልወስደውም።»

«እንዴ! ሦስት ሜትር እኮ ነው! ከዚህ የበለጠ ከየት ላመጣልሽ ነው?»

«ጀልባዋ አትመጣም።»

«ውይ... ባልሽስ?»

«እሱም አይመጣም።»

ልጅቷ ድምፅዋን አለዘበች።  

«አይዞሽ። ላንቺ ብቻ ከሆነ እኮ ቀላል ነው። የአንድ ሰው ቤት በየቦታው ሞልቷል፤ ባሕር የለ፣ ክፍተት የለ፣ ምን የለ። ንገሪኝና እኔ እፈልግልሻለሁ። ምን ዓይነት ሰፈር ነው ደስ የሚልሽ?»

ጃኔል ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ታውቃታለች፤ የትኛው መንገድ እንደሚጥለቀለቅ፣ የዓሣ ማጥመጃ የት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ደጅ ተጎታች እንደሚያዞር። እሷ ራሷ ከሥራ ወጥታ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቷ መሄድ ደስ እንደሚላት ግን አንድም ቀን አላየችም። ዛፍ ትወድ እንደሆነ፣ ጫጫታ ትወድ እንደሆነ፣ ጎረቤት ትሻ እንደሆነ በልቧ ፈለገች፤ ምንም አላገኘችም። ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ጃኔል? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «አላውቅም የኔ ልጅ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እስቲ... እንደገና ጠይቂኝ።»